በግራ ትከሻው የተሸከመው ሰው

በቤታችን ስሙ እንጂ መልኩ የማይታወቅ አንድ ሰው አለ፤ የአያቴ ታላቅ ወንድም። አያቴ እስከ ዕለተ ሞቷ «ጋሼ» ትለው ነበር፤ እኛ የልጅ ልጆቿም ያንኑ ወርሰን «ጋሼ» እንላለን። የሱሉልታ ሰው ነው። የባሕር ዛፍ አጠና ተሸክሞ በእንጦጦ በኩል አራዳ ገበያ እየወረደ ይሸጥ ነበር። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው ዘምቶ በዚያው ቀረ። አስከሬኑን ያየ ሰው የለም፣ መቃብሩ አይታወቅም። ለቤተሰቡ የተረፈው አንድ ወሬ ነው፦ ከዘመቻው ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አንድ ፈረንጅ አራዳ ላይ ፎቶ አንስቶታል። ማታ ቤት ገብቶ ለእናቱ የነገራት ራሱ ነው። ፈረንጁ በአውሮፕላን የመጣ ነው መባሉንም አብሮ ነግሯታል።

ልጅ ሆኜ አያቴን መልኩን ስጠይቃት «መልከ መልካም ነበር» ብቻ ነበር መልሷ። በዚህ ሰው አይፈለግም። አንድ ጊዜ ግን ሳልጠይቃት ሌላ ነገር ነገረችኝ። ጋሼ በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተሰብሮ ነበር፤ በወጌሻ ቢታሽም እንደ ድሮው አልሆነለትም። ከዚያ በኋላ ሸክም የሚይዘው በግራ ትከሻው ነው። ኑሮዬን ጄኔቫ ካደረግሁ በኋላ በእጄ የነበረኝ ፍንጭ ይኸው ነበር፤ አውሮፕላንና ግራ ትከሻ።

የአውሮፕላኑን ነገር ለማግኘት ብዙም አልተቸገርኩም። ሰውየው ዋልተር ሚትልሆልዘር ይባላል፤ ከስዊስኤር አየር መንገድ መሥራቾች አንዱ የሆነ አብራሪና ፎቶ አንሺ። እ.ኤ.አ. በ1934 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተገዛውን ባለ ሦስት ሞተር ፎከር ከስዊዘርላንድ አብርሮ አዲስ አበባ አስረክቧል። ስለዚያው ጉዞ በዚያው ዓመት መጽሐፍ አሳተመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ተራራ ሲወጣ ሞተ። ፎቶዎቹ ዛሬ ዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም፣ እዚህ ሰዎች ኢቴሃ በሚሉት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል። በኢንተርኔትም ለማንም ክፍት ስለሆኑ ቤቴ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ።

በመካከሉ ከሌላ አቅጣጫ አንድ ፎቶ መጣ። ጄኔቫ ፕላንፓሌ በሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ረቡዕና ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። የድሮ ፖስት ካርዶች በካርቶን ሣጥን ተደርድረው ይሸጡበታል፤ «አፍሪካ» ከሚለው ክፍልፍል ውስጥ በጥቂት ፍራንክ አንድ አዲስ አበባ ገዛሁ። ጀርባው ባዶ ነው፤ የአንሺው ስም የለበትም፣ ቀንም የለበትም። ፊቱ ላይ ገበያ ነው። ከቀኝ ጠርዝ ገባ ብሎ ረጅም ነገር የተሸከመ ሰው ይሄዳል፤ ፊቱን ወደ ወዲያ አዙሯል። ሸክሙ በግራ ትከሻው ነው።

ልቤ ቢደነግጥም ካርዱን ቤቴ ወስጄ በከፍተኛ ጥራት ስካን አደረግሁት፤ ከዚያም ከሸክሙ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ማየት ጀመርኩ። መቼ እንደተነሣ ካላወቅሁ ትከሻው ምንም አይነግረኝም።

በስተ ጀርባ፣ ከሰዉ ራስ በላይ፣ የድንጋይ መቆሚያና የፈረስ የኋላ እግሮች ይታያሉ። ይህ የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ነው። ሐውልቱ የተመረቀው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በ1929 አንሥቶት ነጻነት እስኪመለስ ቦታው ባዶ ነበር። ትልቁ የአራዳ ገበያም ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ተነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ የተወሰደው በዚሁ በጣሊያን ዘመን ነው። ስለዚህ ሐውልቱም ገበያውም በአንድ ፎቶ ከታዩ፣ ፎቶው ከ1923 በኋላ፣ ከ1929 በፊት ነው። ጋሼ በሕይወት ሳለ፣ በየሳምንቱ አራዳ ሲመላለስ ማለት ነው። የሚትልሆልዘር 1926ም እዚያው መሐል ይወድቃል።

ቀጥሎ ያስጨነቀኝ የግራና የቀኝ ጉዳይ ነው። የድሮ ኔጌቲቭ በስሕተት ተገልብጦ ከታተመ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ በድሮ ፖስት ካርዶች ላይ ይህ የታወቀ ነገር ነው። የተጻፈ ነገር ቢኖርበት ፊደሉ ይፈርድ ነበር፤ በዚህኛው ላይ የተጻፈ የለም። የፈረደልኝ በበቅሎ የተቀመጠ አንድ ባለ ጎራዴ ነው። የእኛ ሰው ጎራዴውን የሚታጠቀው እንደ አውሮፓ ወታደር በግራ ጎኑ ሳይሆን በቀኙ ነው። የሰውየው ጎራዴ አፎት ከጋቢው ሥር ሾልኮ በቀኝ ጎኑ ይታያል። ካርዱ አልተገለበጠም። የተሸካሚው ግራ ትከሻ በእርግጥም ግራ ትከሻው ነበር።

ይህን ሁሉ ስመረምር ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ጋሼን ስፈልግ ሌሎቹን ማወቅ ጀመርኩ። ከባለ በቅሎው ኋላ ጃንጥላ የያዘ ልጅ አለ፤ ጃንጥላው ክፍት ነው፣ ልጁ ግን ራሱ ፀሐይ ላይ ነው ያለው። እንስራ ያዘለች ሴት የገመዱን ጫፍ በደረቷ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ከካሜራው ለመራቅ ይመስለኛል፣ ወደ ጎን ተጥመልምላለች። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው በመካከላቸው መሬት ላይ ያለ ነገር ይቆጥራሉ፤ አሞሌ ይሁን ሌላ አይለይም። ጫማ ያደረገ ሰው ብፈልግ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እሱም ጫማውን በእጁ ይዞታል። የሰዎቹ ጥላ እግራቸው ሥር ተሰብስቧል፤ ሰዓቱ ስድስት ገደማ መሆን አለበት። ይህ ግን ጥርጣሬ ጫረብኝ። ከሱሉልታ ሌሊት ተነሥቶ የወረደ ባለ አጠና እስከ እኩለ ቀን ሸክሙን ሳያወርድ ምን ያደርጋል?

ወደ ዙሪክ የሄድኩት ለማነጻጸር ነው። ኢቴሃ ከባቡር ጣቢያው ባሻገር ካለው ዳገት ላይ ነው፤ በትንሿ ቀይ የገመድ ባቡር ይወጣል። በተቋሙ የፎቶ ክፍል አሠራር በጣም ቀናሁ። የስዊስኤርን የፎቶ ክምችት ሲረከቡ ጡረታ የወጡ የአየር መንገዱ ሠራተኞችን ጠርተው ፎቶውን አሳዩአቸው፤ እነሱም ይህ የትኛው ሞተር ነው፣ ይህ የትኛው ማረፊያ ነው እያሉ ስም ሰጡት። ኋላ ለሕዝብ ሁሉ ከፈቱት። ዛሬ አንድ የስዊዘርላንድ ሸለቆ ያለ መግለጫ ከተለጠፈ፣ የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት አይቶ፣ የባቡሩን መሥመር ተከትሎ ቦታውን የሚናገር አዛውንት አይጠፋም። በሚትልሆልዘር የአገራችን ፎቶዎች ላይ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በስማቸው፣ አውሮፕላኑ በዓይነቱ ሲጠሩ፣ ሌላው «ገበያ» ወይም «መንገድ» ተብሎ ይታለፋል። ስዊሶቹን በዚህ መውቀስ አልችልም። የአራዳን ሰው ልብስና ሸክም ማንበብ የሚችሉት የእኛ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማንም እነዚህ ፎቶዎች ፊት አላስቀመጣቸውም። በየቀኑም እያለቁብን ነው።

የእኔን ገበያ የሚመስል ማዕዘን፣ ያንን ባለ በቅሎ፣ ያንን ልጅ ካየኋቸው የሚትልሆልዘር ፎቶዎች ውስጥ አላገኘሁም።

ዙሪክ ከደረስኩ አይቀር ወደ አሮጌው የእጽዋት አትክልት ቦታ ወረድኩ፤ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ሙዚየም እዚያ ነው። የአልፍሬድ ኢልግ ፎቶዎች የሚገኙት በዚህ ሙዚየም ነው። ኢልግ ከዚያው ከኢቴሃ የወጣ መሐንዲስ ነበር፤ ምኒልክን ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ጀምሮ አገልግሎ፣ የባቡሩን ውል አስፈርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ዙሪክ ውስጥ ሞተ። ለጋሼ ፍለጋ ዘመኑ አይደርስም። ቢሆንም ዓይኔ አሁን ልማድ አውጥቶ ነበርና ከመኳንንቱ ይልቅ የበቅሎ ልጓም የያዘውን፣ ጠመንጃ የተሸከመውን አሽከር ስመለከት ዋልኩ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ጄራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙትን የኢትዮጵያ የድሮ ፎቶዎች መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በጠርዙ ላይ ሁልጊዜ ስም የሌለው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ደግሞ የተራ ቤተሰቦችን አልበም ከየሣጥኑ አስወጥቶ ባለቤቶቹ ራሳቸው እንዲናገሩ አደረገ። እኔ የምመኘው የሁለቱን ጋብቻ ነው፤ የፈረንጅ መዝገብ ቤት ፎቶና የእኛ ሰው አፍ።

ጄኔቫ ስመለስም ያው ዓይን አልለቀቀኝም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ የተናገሩበት፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞክረው የተባረሩበት አዳራሽ ዛሬ የለም። የከተማው የምርጫ አዳራሽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቃጠለ፣ በቦታው የዩኒቨርሲቲው የሲሚንቶ ሕንጻ ቆሟል። የዚያን ሰሞን የጄኔቫ ፎቶዎች ላይ ንጉሡ በጥቁር ካባቸው መሐል ናቸው። የመንገዱ ሰው፣ ባርኔጣ የደፋው፣ አንገቱን ያሰገገው፣ እሱም ስም የለውም። ጋሼ በማይጨው ከቀረ ገና ሦስት ወሩ ነበር፤ እዚያ ከቆሙት አንዱ እንኳ ስለ እሱ ዓይነቱ ሰው አስቦ ይሆን እያልኩ ፊታቸውን አጉልቼ አያለሁ። አንድ ጊዜ የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤልም በኦጋዴን ጦር መርተው፣ ተሰደው፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1936 እዚሁ ስዊዘርላንድ ዳቮስ ላይ አረፉ። የአራዳ መንገድ አንድ ወቅት በእሳቸው እጅ ነበር። እሳቸው ፎቶ አላቸው።

በመጨረሻ ካርዱን ለአክስቴ ላክሁት። የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ናት፣ ሱሉልታ ነው ያደገችው፣ በልጅነቷ አጠና ቆጥራ አስረክባለች። ጋሼን አላየችውም፤ ስለ እሱ ከእናቷ የሰማችውን ያህል የሰማ ግን ዛሬ የለም። የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የላክሁትን ስልኩ ላይ ከፍቶ ሲያሳያት እኔ በቪዲዮ እያየኋት ነበር። መነጽሯን አደረገች። ስለ ትከሻው አልነገርኳትም፤ ራሷ እንድታየው ፈልጌ ነው።

«ሰውየውን አትመልከቺው እትዬ፤ መጀመሪያ ሸክሙን እዪልኝ» አልኳት።

በጣቷ ስክሪኑን ለማስፋት ሞከረች፤ ልጇ አሰፋላት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ይሄ አጠና አይደለም» አለች።

«እንዴት?»

«ቀርከሃ ነዋ። አንጓውን አታየውም? እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ። አጠና አንጓ አለው እንዴ? ደግሞ አጠና እንዲህ ጫፉ አይረግብም፣ ችክ ያለ ነው። ይሄኮ እየተወዛወዘ ነው የሚሄደው።»

እኔም አሰፋሁት። በእኩል እኩል ርቀት ቀጫጭን ጥቁር መሥመሮች ሸክሙን ይከፋፍሉታል፤ ሳያቸው የኖርኩት የካርዱ ጭረት ናቸው ብዬ ነበር። የሁሉም ዘንግ አንጓ በየራሱ ቦታ ነው፤ ጭረት ቢሆን ሁሉንም በአንድ መሥመር ባቋረጠ። ጫፉም እውነትም ወደ መሬት ረግቧል።

«ጋሼ ቀርከሃ ሸጦ አያውቅም፤ ሱሉልታ ቀርከሃ ከየት ይመጣል?» አለች። «እሱ አይደለም ልጄ።»

ትከሻውን ነገርኳት። ግራ መሆኑን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። ይልቅ ወደ ሰውየው ተመለሰች። ቀርከሃ ከደጋ ነው የሚወርደው፤ አራዳ ለመድረስ ምናልባት መንገድ ላይ አድሮ ይሆናል፤ እኩለ ቀን ላይ ገና መግባቱ ለዚያ ነው አለች። የገዛው ሰው ለአጥር ወይም ለጣሪያ እንደሚያውለው፣ አንድ ሸክም ለአንድ ጎጆ እንደማይበቃ፣ ስለዚህ ሰውየው ብቻውን አለመምጣቱን፣ ጓደኞቹ ከፎቶው ውጭ መሆን እንዳለባቸው አስረዳችኝ። እኔ በወራት ያላየሁትን በአንድ አፍታ አነበበችው።

«ያቺ እንስራ ያዘለችውስ?» አልኳት።

«ቆይ፣ እሷን ነገ። ዛሬ ዓይኔ ደከመ» አለችና ወደ ልጇ ዞረች። «ይሄን ወረቀት ላይ አሳትምልኝ፤ ትልቅ አድርገህ። ያ ዙሪክ ያለውንም ገበያ ይላክልኝ በለው፣ አንድም ሳያስቀር።»

ከሚትልሆልዘር የአዲስ አበባ ፎቶዎች የመጀመሪያዎቹን ለእሷ አውርጄ ልኬያለሁ። የምትለውን የአክስቴ ልጅ በድምፅ እየቀዳ ነው፤ እኔ ደግሞ ከየፎቶው ቁጥር ጋር እየጻፍኩ ለዙሪኩ መዝገብ ቤት የሚላከውን እያዘጋጀሁ ነው። ጋሼን እስካሁን አላገኘነውም፤ በግራ ትከሻው የተሸከመ ሰው በታየ ቁጥር ግን አሁን መጀመሪያ የምንጠይቀው የተሸከመው ምን እንደሆነ ነው።