የሎሚ ፍሬ

ባለሸራ ጀልባን የሚነዳው ማነው ቢባል፣ አብዛኞቻችን «ነፋስ ነዋ!» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ እውነት ነው። ግን ከፊት ሲመጣስ? በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ነው የሚነፍሰው። ታዲያ ሽቅብ ወደ ሰሜን ያቀና ሳምቡክ በምን ይሄድ ነበር?

ይህን ያስረዳኝ አጎቴ ነው። ወጣትነቱን ምጽዋ በባሕር ኃይል ውስጥ አሳልፏል። ከተማዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ስትገባ ከባሕሩ ተለየ፤ አዲስ አበባ ገብቶም ባሕር የሌለው መርከበኛ ሆኖ ኖረ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እርጥብ የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣቶቹ መካከል ይዞ ጫን ሲላት፣ ተስፈንጥራ ከገበታው ማዶ ወደቀች።

«ወደ ፊት የገፋት ጣት አለ?» አለኝ። አልነበረም። የተጫኗት ከግራና ከቀኝ ነው፤ መውጫ ያገኘችው ግን በፊት በኩል ነው።

አንደኛው ጣት ነፋስ ነው። በጎበጠው ሸራ ላይ ሲያልፍ አቅጣጫው ይታጠፋል፤ ከሸራው ጀርባ ያለው የአየር ግፊትም ይቀንስና ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደዚያው ይሳባል። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ የዚህ ኃይል አብዛኛው ጀልባዋን ወደ ጎን የሚወስድ ነው፤ ወደ ፊት የሚያስኬዳት ጥቂቱ ነው። ሁለተኛው ጣት ውሃ ነው። ከጀልባዋ ሆድ ሥር እንደ ቢላ የወረደው ስስ አካል ወደ ፊት ውሃውን በቀላሉ ይሰነጥቃል፤ ወደ ጎን ልሂድ ቢል ግን ውሃው አላሳልፍም ይለዋል። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የከበደ ስለሆነ፣ ትንሹ ቢላ ሰፊውን ሸራ ይመክታል። የጎን ግፊቱ በውሃው ሲገታ፣ ያ ጥቂቱ ኃይል ጀልባዋን ይዞ ይሄዳል። ያ እምቢታ ባይኖር ጀልባዋ እንደ ደረቅ ቅጠል በተንሳፈፈች ነበር።

በቀጥታ ወደ ነፋሱ አፍ የሚሄድ ባለሸራ ጀልባ ግን የለም። 45 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ሰያፍ ይሄዳል፤ ይዞርና ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ። መንገዱ ይረዝማል፤ ይደረሳል ግን። ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው መንገድ የጠፋበት ይመስላል።

አጎቴም አንድ ሰሞን ብረት በያጅ፣ አንድ ሰሞን የሒሳብ አስጠኚ፣ አንድ ሰሞን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጎረቤቱ «ምን ነካው? አንድ ቦታ አይረጋም እንዴ?» ይል ነበር። አራት ልጆቹን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ግን በዚያው በሰያፍ መንገዱ ነው።