የተገዛ አድራሻ ደንበኛ አይሆንም



በቆቦ ሜዳ የመስኖው ሽንኩርትና ቲማቲም ሲደርስ ገበያው በአንድ ጊዜ ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው ይወድቃል። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ከገበሬው ተረክበን ለደሴና ለኮምቦልቻ ሆቴሎች እናቀርብ ነበር። ቋሚ ደንበኞቻችን አምስት ነበሩ። የሳምንቱን ዋጋ በኢሜይል እንልክላቸዋለን፣ እነሱም ያዝዙናል።

አምስቱ አነሱን። አንድ ሰው «የ4 ሺህ ነጋዴ አድራሻ አለኝ» ሲለን አዋጥተን ገዛነው። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅንም። እውነቱን ለመናገር፣ መጠየቅ አልፈለግንም።

ተራ የጂሜይል አካውንት በቀን ከ500 በላይ ስለማያስልክ ለቀናት ከፋፍለን ላክን። ብዙው አድራሻ የሌለ ሆኖ ተመለሰ። ከደረሳቸውም «ስፓም ነው» ብለው የጠቆሙብን አልጠፉም። እንዲህ ያለው ሲበዛ የላኪው ስም ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ለወዳጁ የሚልከውም ሳይቀር ስፓም ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። የኛም እንደዚያ ሆነ። መልስ ስንጠብቅ ቆይተን በሦስተኛው ቀን ብንደውል፣ ሆቴሎቹ «ምንም አልደረሰንም፣ ከሌላ ገዝተናል» አሉን። ቲማቲሙ በሣጥን እንዳለ ውሃ ሆነ። የገበሬውን ሐቅ ከፍለን ለመጨረስ ወራት ፈጀብን።

ከሁሉ የከበደን ግን አንድ መልስ ነው። «ይህ የባለቤቴ አድራሻ ነው። እሱ ወደ አኼራ ከሄደ ዓመት ሞላው። ከማን አገኛችሁት?» የምንመልሰው አጣን።

ሕጉንም ያወቅነው ዘግይተን ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 መሠረት፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል መበተን እስከ 3 ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ ለመጠቀም የባለቤቱን ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ይጠይቃል። የገዛነው ዝርዝር ሁለቱም አልነበረውም።

ለነገሩ ሕግ እስኪነግረን መጠበቅም አልነበረብንም። ሰው ደጅ ስንደርስ «ቤቶች!» ሳንል አንገባም። ኢሜይሉም ስልኩም የሰው ደጅ ነው። አድራሻውን የሰጠን ሰው አማና ሰጥቶናል፤ ያልሰጠንን ከሌላ መግዛት ደግሞ ሳያስፈቅዱ እንደ መግባት ነው።

አሁን ደብተር ይዘን ሆቴል በሆቴል እንዞራለን። «ዋጋ እንላክላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። እሺ ያለ ይመዘገባል፤ ይቅርብኝ ያለ በዚያው ቀን ይሰረዛል። እስካሁን 19 ደርሰናል። ከ4 ሺው አንድ ኪሎ የገዛን የለም።