ክዳም የሚሉት ምሽት

ዕብራይስጡ «ክዳም ዩሮቪዥን» ይላል፤ ዩሮቪዥን ወደሚባለው የአገሮች የዘፈን ውድድር የሚሄደው ዘፈን የሚመረጥበት ቀዳሚ ውድድር ማለት ነው። እናቴ ግን የጎንደር ሰው ናትና «ቅዳም» ብላ ሰማችው። «ቅዳም የሚሉት ዘፈን ዛሬ ማታ ነው አሉ፤ ዛሬ ቅዳም ነው እንዴ?» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ግራ አጋባች። ኋላ ሳስበው ብዙም አልራቀችም፤ የሁለቱም ቃላት ሥር አንድ ነው፤ ያው «ቀደመ»። በእኛ ቤት ስሙ ቅዳም ሆኖ ቀረ።

እስራኤል የገባነው በግንቦት 1991 ነው (ወሩንም ዓመቱንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በተጫነበት በሰለሞን ዘመቻ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ዱኦ ዳትዝ የሚባሉ ባልና ሚስት ሮም ላይ በተካሄደው ዩሮቪዥን «ካን» የተባለውን የዑዚ ሒትማን ዘፈን ተጫውተው ሦስተኛ ወጥተው ነበር። «ካን» ማለት «እዚህ» ማለት ነው። በየሬዲዮው እሱው ነበር የሚሰማው፤ ዕብራይስጥን አሐዱ ያልኩት በዚያች ቃል ነው።

በቀጣዩ ዓመት ካራቫን በሚሉት ተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ ነበርን። ቴሌቪዥናችን የሚይዘው አንድ ቻናል ብቻ፣ አንቴናውም ከመስኮቱ ብረት ጋር የታሰረ ሽቦ። ቅዳም በሆነ ማታ ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ሰው እግሩን የሚዘረጋበት አጥቶ ይቀመጣል። አዛውንቶቹ አልጋው ላይ፣ ሴቶቹ ረከቦቱ ዙሪያ፣ እኛ ልጆች መሬት።

አሠራሩን የነገረችን ኡልፓን በሚሉት የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት የምታስተምረን መምህራችን ናት። ደራሲዎች አዲስ ዘፈን ይልካሉ፤ ኮሚቴ ሰምቶ ጥቂቱን ያሳልፋል፤ በዚያ አንድ ምሽት ሁሉም በቀጥታ ስርጭት ይዘፈናሉ፤ ከዚያ በየከተማው የተቀመጡ ዳኞች በስልክ ነጥባቸውን ይናገራሉ፤ ከፍተኛው 12። የሚመረጠው መጀመሪያ ዘፈኑ ነው፤ ዘፋኙ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይሄዳል። በ1983 ከየመን ከመጣ ቤተሰብ የተወለደችው፣ የቴል አቪቭ የሐቲክቫ ሰፈር ልጅ ኦፍራ ሐዛ ያርዴና አራዚን በአንዲት ነጥብ በልጣ ወደ ሙኒኩ ዩሮቪዥን እንደሄደች መምህራችን ስትተርክልን፣ አንድ ነጥብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ኦፍራ እዚያም ሁለተኛ ወጣች።

እናቴ ቁጥር መጻፍ አትችልም ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘፈን ሰፌዱ ላይ ጥሬ ቡና ትደረድር ጀመር። ዘፈኑ ሲጀመር እጇን ከቡናው ላይ ታነሳለች፤ እስኪያልቅ አትነካም። ሲያልቅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ትቆጥራለች። ቃሉ አይገባትም፤ ዜማውን ብቻ ነው የምትመዝነው። «ይቺ ድምጿ ጥሩ ነው፤ ዜማው ግን ባዶ ነው፤» ትልና አምስት ፍሬ አስቀምጣ ታቆማለች። አልጋው ላይ ከተቀመጡት አዛውንቶች አንዱ ደግሞ «ኧረ አንቺ ሴት ጨምሪላት፤ ልጅቱ ላብ በላብ ሆነች» እያሉ ይማለዳሉ። አትጨምርም። በዚያ ዓመት ያሸነፈችው ዳፍና ዴከል ነበረች፤ እናቴ ስንት እንደሰጠቻት ረስቻለሁ። የማልረሳው ምሽቱ ሲያበቃ ያ የነጥብ ቡና ሁሉ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተፈልቶ መጠጣቱን ነው።

እነዚያን ምሽቶች አብዝቼ እወዳቸዋለሁ። ሰው ስለ ዜማ የሚከራከርባቸው ምሽቶች ነበሩ፤ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ ትምህርት ቤት ወሬው ሁሉ ዘፈኑ ነበር። ይሁንና መድረኩ ላይ እኛን የሚመስል አልነበረም። ቢኖርም በአማርኛ አይዘፍንም፤ ከ1977 እስከ 1998 ድረስ ማንኛውም አገር ከራሱ ቋንቋ ውጭ እንዳይዘፍን የዩሮቪዥን ሕግ ይከለክል ነበር። በ1999 ውድድሩ ኢየሩሳሌም ላይ ሲካሄድ ያ ሕግ ተነሳ፤ ኦርኬስትራውም የዚያኑ ዓመት ቀረ።

በ2015 ምርጫው ወደ «ሐኮኻቭ ሐባ» ገባ። ወራት የሚፈጅ የቴሌቪዥን ውድድር ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ የሌላውን ዘፈን እየዘፈኑ ሕዝብ በስልኩ ድምፅ ይሰጣል። ሰውየው ይመረጣል፤ ዘፈን የሚፈለግለት ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ ይህ የኋሊት መሄድ ነው፤ ዛሬም አልለመድኩትም። ግን ኤደን አለነን ያመጣልን ይኸው መንገድ ነው። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ በ2000 ኢየሩሳሌም የተወለደች ልጅ። እኔ የምወደው የኮሚቴ ዘመን እንዲህ ያለችውን ልጅ እስከ መድረኩ ያደርሳት ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ አፌን ሞልቼ አዎ ማለት ያቅተኛል።

የካቲት 2020 ኤደን አሸነፈች። በመጋቢት መጀመሪያ አራት ዘፈን ቀርቦላት ዶሮን መዳልዬና ዒዳን ራይኸል የደረሱት «ፍቅር ልቤ» ተመረጠ፤ ርዕሱ አማርኛ፣ ውስጡም አማርኛ ያለበት። እናቴ ሳሎኗ ውስጥ ብድግ ብላ እልል አለች። ሰፌዱን ፈልጋ አወጣች፤ ከአሥራ ሁለት ፍሬ በላይ ነው የደረደረችው። በሁለት ሳምንት ገደማ ኮሮና መጣ፤ ውድድሩ ተሰረዘ። በሚቀጥለው ዓመት የ2020 ዘፈን ይዞ መምጣት አይቻልም ተባለ። ልጅቱ ቀረችልን፣ ዘፈኑ ሄደ። ለሮተርዳሙ ውድድር አዲስ ዘፈን ሲመረጥ «ሴት ሚ ፍሪ» አሸነፈ።

ግንቦት 2021፣ የመጨረሻው ምሽት። እናቴ ሰፌዷን ይዛ ተቀምጣለች። ኤደን ወጣች፤ ዘፈነች፤ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን እንደ ፉጨት አቅጥና ሰማይ ስታደርሰው ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ ትንፋሻችንን ዋጥን። በነጥብ 17ኛ ወጣች። እናቴ ግን ነጥቡ ከመነገሩ በፊት ቆጥራ ጨርሳ ነበር። ሰፌዱን ሳየው ሁለት ረድፍ ነው።

«እማ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ይኼ የልጅቱ» አለች፤ አሥራ ሁለት ፍሬ። «ይኼ ደሞ የዘፈኑ።»

ሰባት ነበር።