የአባን ድምፅ ፍለጋ፦ አራት ካሴት እና አንድ ኦክስ ኬብል



እናታችን የልብስ ሳጥኗ ውስጥ በሻሽ የተጠቀለሉ አራት ካሴቶች አሏት። አባ ጅዳ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ የላካቸው ናቸው። ያኔ ስልክ መደወል ውድ ነበር። ደብዳቤ እንዳይጽፍ ደግሞ እማ ማንበብ ስለማትችል የባልና ሚስት ወሬ በጎረቤት አፍ ሊነበብ ነው። ስለዚህ አባ የሆዱን ለካሴት እያወራ ይልክ ነበር። ወደ አኺራ ከሄደ በኋላ እማ ካሴቶቹን አንድም ቀን አላስከፈተችንም። እኛም «አንድ ቀን ወደ ስልክ እንገለብጣቸዋለን» እያልን ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ዒድ ሁላችንም ቤት ስንሰበሰብ እማ ራሷ ሻሹን ፈትታ «እስቲ ሞክሩት» አለችን። የድሮው ቴፕ አሁንም ይሠራል። ከሰፈር ሱቅ ኦክስ ኬብል ገዛን። አንዱን ጫፍ ቴፑ የኤርፎን ቀዳዳ ላይ፣ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ ባለችው ብቸኛ ቀዳዳ ሰካን። ቴፑ ድምፁን አጠፋ፤ ካሴቱ ግን ይዞራል። ላፕቶፑ ላይ የድምፁ መስመር ከፍ ዝቅ ሲል አይተን «ገባ!» ብለን ተጨባበጥን።

ከ30 ደቂቃ በኋላ ከፍተን ስንሰማው አባ የለም። ያለው የእማ ሙቀጫ ነው። ቡና እየወቀጠች ነበር። በመሃል የእኛ ሹክሹክታ፣ የበር መንኳኳት። ላፕቶፑ የቀዳው በራሱ ማይክ ነበር ለካ!

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳነው። የኬብላችን ጃክ ላይ ያሉት ቀለበቶች ሁለት ናቸው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ግን ድምፅ የሚቀበለው እንደ ስልክ ኤርፎን ሦስት ቀለበት ካለው ጃክ ነው። ባለ ሁለቱን ኤርፎን ብቻ ነው ብሎ ያስበዋል።

ጎረቤት ካለ ዴስክቶፕ ጋር ሄድን። ከኋላው ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፦ አረንጓዴው ለስፒከር፣ ሮዙ ለማይክ፣ ሰማያዊው ከቴፕ ለሚመጣ ድምፅ። ሰማያዊው ላይ ሰካን፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን እሱኑ መረጥን። ካሴቱን ወደ ኋላ መልሰን አጫወትነው። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዴት ከረማችሁ...» አለ አባ። ማንም አልተነፈሰም።

ግን ብዙም ሳይቆይ ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩን በእስክሪብቶ እያሽከረከርን በቀስታ ብናወጣውም ጥቂት ደቂቃው ተጨማዶ ቀርቷል። በመጀመሪያው ዙር በደህና ዞሮ ነበር እኮ! አንድ ደቂቃ ቀድተን ብንፈትሽ ኖሮ ያ ወሬ ዛሬ በእጃችን ነበር። ምን እንዳለ ከእንግዲህ አናውቅም። የቀሩትን ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አተረፍናቸው።

እናንተም ቤት ካሴት ካለ ከእኛ ስህተት ተማሩ፦

1. መጀመሪያ በማታዝኑበት ካሴት ሞክሩ። አንድ ደቂቃ ቅዱና አዳምጡ።
2. የቴፑን ሄድና የጎማ ሮለር በአልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ። እኛ ያጸዳነው ከተበላ በኋላ ነው።
3. የቴፑን ቮልዩም ከዜሮ ጀምራችሁ በቀስታ ጨምሩ። ቀይ ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ በኋላ አይጠገንም።
4. በስህተት ሌላ እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ።
5. አትቸኩሉ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል።

እማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንዱን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «ድምፁ አላረጀም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ያንን የመጀመሪያውን የተበላሸ ቅጂ ልናጠፋው ነበር። ጣታችን ላዩ ላይ ሳለ ቆም አልን። 30 ደቂቃ ሙሉ እማ ቡና ስትወቅጥ፣ ስታንጎራጉር፣ «ልጆች፣ ምሳ አልበላችሁም እኮ» ስትል ይሰማል። የአባን ፍለጋ ብለን ይህን ያህል ደከምን፤ የእማን ድምፅ ግን አንዳችንም ስልክ ላይ አልነበረም። እሷን ለመቅዳት ደግሞ ኬብል እንኳን አያስፈልግም።