አቋራጩ የሚጥለው የት ላይ ነው?

ኮምፒውተር በቼዝ ሰውን የሚያሸንፈው ሁሉን ነገር ስለሚያይ ይመስለናል። አያይም። በአንድ የቼዝ አቀማመጥ ላይ በአማካይ 35 ገደማ የሚፈቀዱ እርምጃዎች አሉ። ሁለቱ ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢጫወቱ እንኳ መንገዱ ወደ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ገደማ አቀማመጦችን ይመረምር ነበር፤ ለእሱም ቢሆን ሁሉን መንገድ እስከ ፍጻሜው ማየት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ቅርንጫፍ ሳያዩ ይቆርጡታል።

ከአቋራጮቹ አንዱ በጣም ብልህ ነው። ፕሮግራሙ «ተራዬን ባልፍና ተቃራኒዬ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ቢጫወት ምን ይደርስብኛል?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲያም ሆኖ የበላይነቱ ካልተነካ ያንን መንገድ ጠለቅ ብሎ መመርመሩን ይተወዋል። ሐሳቡ የቆመው መጫወት ሁልጊዜ ካለመጫወት ይሻላል በሚል እምነት ላይ ነው።

ግን ሁልጊዜ አይሻልም። ነጭ ንጉሥ ኢ4፣ ወታደሩ ኢ3፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ6 ላይ ናቸው እንበል። ሌላ ምንም የለም። ተራው የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል፤ ተራው የነጭ ከሆነ አቻ ነው። ቀድሞ የተነቃነቀ ይጎዳል። ቼዝ ደግሞ «ልለፍ» ማለትን አይፈቅድም። ጥቁርን የሚጫወት ፕሮግራም በአቋራጩ ከሄደ፣ የተሸነፈበትን ቦታ «ደህና ነኝ» ብሎ ያነበዋል።

ሌላም አለ። የኮምፒውተር ሊቅና የደብዳቤ ቼዝ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሃንስ በርሊነር «የአድማስ ችግር» ብሎ የሰየመው ነው። ፕሮግራሙ ከተወሰነ ጥልቀት ወዲያ ስለማያይ፣ የማይቀረውን ኪሳራ ወታደር እየገበረ ወደፊት ይገፋዋል። ከዓይኑ ሲርቅለት የዳነ ይመስለዋል። ዕዳውን ለሚቀጥለው ዓመት እያስተላለፈ «በጀታችን ተስተካክሏል» የሚል መሥሪያ ቤት አታውቁም?

የወንድሜ ልጅ ቼዝ የሚማረው በስልኩ ነው። ማሽኑ ቁጥር ሲያወጣለት «በቃ፣ አለቀ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ደግሞ «ትንሽ ይቆይ፣ ያስብበት» እላለሁ። አንዳንዴ ቁጥሩ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ ግን አይለወጥም፤ ያኔ ይስቅብኛል። ማሽኑን አትመን እያልኩት አይደለም፤ ከሁለታችንም እጅግ ይበልጣል። «ለምን?» ማለትን እንዳይተው ነው የምፈልገው።

አቋራጭ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ያለ አቋራጭ ሰውም አያስብም። የቼዝ ፕሮግራም ሠሪዎች የሚመሰገኑት ግን አቋራጩ የት ላይ እንደሚጥል ስላወቁ ነው። ተጫዋቹ ከንጉሡና ከወታደሮቹ በቀር ምንም ሳይኖረው ሲቀር፣ ፕሮግራሙ ያንን አቋራጭ እንዳይጠቀም አዘዙት።

ብድር፣ ሥራ ወይም ቪዛ ጠይቀን «ሲስተሙ ከለከለ» ሲሉን መጠየቅ ያለብን ይህንኑ ነው፦ የእናንተ አቋራጭ የማይሠራው የት ላይ ነው? እዚያ ሲደርስስ ማን ያስቆመዋል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እዚህ ግን የሚያፈሰው ሌላ፣ የሚለቅመው ሌላ ነው።