የድንጋይ ሒሳብ

በእኛ አገር በእጅ የሚያዘው መብራት «ባትሪ» ይባላል፤ በሆዱ የሚገባው ግን «ድንጋይ» ነው። በኑኑ ቁምባ ገበያ ቆሞ «ሁለት ባትሪ ስጠኝ» የሚል ሰው ቢኖር፣ ባለሱቁ የሚያወርድለት ሁለት የእጅ መብራት ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔም በዚህ ጽሑፍ ድንጋዩን ድንጋይ እያልሁ እጠራዋለሁ። ስሙ ቁም ነገር እንዳለው የገባኝ ባለፈው ክረምት ነው።

አያቴን «አኮ» እንላቸዋለን። ቤታቸው የኤሌክትሪክ መስመር አልደረሰውም። ያላቸው አንዲት ትንሽ ራዲዮና አንድ የእጅ ባትሪ ሲሆን፣ ሁለቱም ድንጋይ በላተኞች ናቸው። ድንጋዩ ሲደክም አኮ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲሞቅ ጥቂት ነፍስ ይዘራል፤ ይህም በውስጡ የቀረውን ኬሚካል ሙቀት ስለሚያነቃቃው ነው እንጂ ያለቀው ስለ ተመለሰ አይደለም። ፈጽሞ ሲሞት ደግሞ ለልጆች ይሰጣል። እኔ ራሴ በአንደኛ ደረጃ ተማሪነቴ የሞተ ድንጋይ ሰባብረው፣ በውስጡ ባለው ጥቁር ዱቄት የክፍላቸውን ሰሌዳ ካጠቆሩት ልጆች አንዱ ነበርሁ።

አኮ የእንቁላል ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝና፣ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ከነቀምት የማያልቅ ድንጋይ ግዛልኝ» አሉኝ። ገበያ ላይ የሚሞላ የሊቲየም ድንጋይ ያለበት ባትሪ አገኘሁ። በድንጋዩ ልባስ ላይ «9900» ተጽፏል። ከጎኑ የተቀመጠው ሌላ ድንጋይ «2600» ብቻ ይላል፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። ቁጥሩ የበዛው በዋጋ ካነሰ ምን ያማርጣል? የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብሆንም፣ 9900 ከ2600 እንደሚበልጥ አላጣሁትም።

ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ላሚቱን በሌሊት ምጥ ያዛት። ጥጃው በኋላ እግሩ መጣ። አጎቴ እጃቸውን አስገብተው ሲያቃኑ እኔ መብራቱን ያዝሁ። ቀኑን ሙሉ ስሞላው የዋለ ድንጋይ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳያበራ ፈዘዘ፤ ከዚያም ጠፋ። እርጥቡ እንጨት እሳት እስኪይዝ ድረስ አጎቴ በጨለማ ታገሉ። ላሚቱ ተረፈች፤ ጥጃው ሞቶ ወጣ። በብርሃንም ቢሆን ይሞት ነበር ይሆናል፤ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

አኮ አልተቆጡኝም። ሲነጋ ድንጋዩን አውጥተው በመዳፋቸው ላይ ሲመዝኑት ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ድንጋይ እንኳ አይደለም፤ ይቀላል» አሉኝ።

አኮ ሳያስቡት ዋናውን መመርመሪያ ነገሩኝ። ወደ ግቢ ስመለስ ፊዚክስ የሚማር የመኝታ ክፍሌ ጓደኛ፣ ስቆ ሲጨርስ፣ ነገሩን አስረዳኝ። በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ሚሊ አምፔር ሰዓት ማለት የእንስራው ስፋት ማለት ነው፤ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚይዝ ይነግራል። እኔ የገዛሁት ዓይነት 18650 ይባላል፤ ወርዱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው ለማለት ነው። በዚህ መጠን ያለ እንስራ፣ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ ቢሆን እንኳ፣ የሚይዘው 3500 አካባቢ ነው። ስለዚህ «9900» የሚለው ጽሑፍ፣ ድንጋዩ ሳይፈተሽ፣ በራሱ ላይ የመሰከረ ውሸት ነው። እውነተኛው 45 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አስመሳዩ ይቀላል። አንዳንዱ ሲከፈት በውስጡ ትንሽ ድንጋይና ክብደት ማሟያ ዱቄት ይገኝበታል። ያን የናቅሁትን 2600 ብገዛ ኖሮ ቢያንስ ሊሆን የሚችል ነገር ነበር።

ለራዲዮና ለተራ የእጅ ባትሪ ግን የሚያስፈልገው ጣት የምታህለው ድንጋይ ናት። የሚሞላ ድንጋይ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር የኒኬልና የካድሚየሙን የሠራው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። ካድሚየም መርዝ ስለሆነ ዛሬ ቦታውን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ወስዶታል። የዚህኛው ጉድለት ሳይሠራበት ተቀምጦ እንኳ በራሱ መፍሰሱ ነበር፤ ሞልተውት ጥቂት ወራት ቢያስቀምጡት ባዶውን ይጠብቃል። በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ሳንዮ ኤኔሉፕ የተባለውን አወጣ፤ ይህም ከዓመት በኋላ 85 በመቶውን ይዞ እንደሚገኝ ተነገረለት። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። በሚገዙበት ጊዜ ልባሱ ላይ «ተሞልቶ የተዘጋጀ» የሚል ቃል መፈለግ ይበጃል፤ አስቀድሞ ተሞልቶ የሚሸጠው ቶሎ የማይፈሰው ዓይነት ነውና። በጣት መጠን 2000 ያህል የሚይዘው መልካም ነው። ከ3000 በላይ የሚል ካያችሁ የአኮን መዳፍ አስታውሱ፤ እውነተኛዋ 27 ግራም አካባቢ ናት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የአኮ ራዲዮ በሳምንት ሁለት ተራ ድንጋይ ትበላለች። እኔ በገዛሁበት ጊዜ አንዱ የሚሞላ ድንጋይ የአሥር ተራ ድንጋይ ዋጋ፣ ቻርጀሩ ደግሞ የሠላሳ ድንጋይ ዋጋ ነበረው። ሁለቱ ሲሠሩ ሁለቱ ይሞሉ ዘንድ አራት ያስፈልጋሉ፤ ጠቅላላው የ70 ድንጋይ ዋጋ ይሆናል። አኮ ግን በ35 ሳምንት 70 ድንጋይ ይጨርሳሉ። ስለዚህ ከስምንት ወር በኋላ ራዲዮዋ በነጻ ታወራለች ማለት ነው። መሙያውስ ከየት ይመጣል ቢባል፣ አጎቴ ስልካቸውን የሚሞሉባት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ትበቃለች። ድንጋዩ ድሮም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ አሁን ሽቦ ተጨመረለት።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቻርጀሩ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚሞላና ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ይሁን፤ ዝም ብሎ የሚያፈስ ቻርጀር ጥሩውን ድንጋይ ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ፤ ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ። ሦስተኛ፣ የግድግዳ ሰዓት በአንድ ተራ ድንጋይ ዓመት ያህል ስለምትቆይ፣ ለእርሷ የሚሞላ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ነጋዴ ለመውቀስ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ወደ ቤታችን ስንሄድ ምን እንደሚገዛ የምንጠየቀው እኛ ነን። «የተማረ ነው» ተብለን በእንቁላል ገንዘብ ታምነናል። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር አይተን ከመደሰታችን በፊት፣ ያ ቁጥር በዚያ ሆድ ውስጥ ይገባ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታችን ይመስለኛል።

ዘንድሮ ለአኮ አራት ድንጋይና ቻርጀር ወሰድሁላቸው። ምንም አላሉኝም። አንድ በአንድ በመዳፋቸው መዝነው ተቀበሉኝ።