«እስክመለስ ትቆያለች»

ልጄ ትንፋሽ አጥሯት የቀሰቀሰችኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ወሩ ታህሳስ ነው፤ የአዲስ አበባ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ባለቤቴ ለሥራ ሀዋሳ ሄዷል። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ መኪናው ውስጥ አስገባኋትና ቁልፉን አዞርኩ። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ብሎ ጠፋ። ደግሜ ስሞክር ቲክ ማለቱንም ተወው።

መኪናችን አውቶማቲክ ቪትዝ ናት፤ ገፍቶ ማስነሳት ለእሷ አይሠራም። ሮጬ የጎረቤታችንን በር ደበደብኩ። ጋሼ ከፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ፤ መኪናቸውን አስጠግተው በኬብል አስነሱልኝ። ክሊኒኩ ስደርስ ሞተሩን ለማጥፋት ስለፈራሁ ጥበቃውን እንዲያይልኝ ለምኜ እየሠራ ትቼው ገባሁ። የመተንፈሻ ጭምብል አደረጉላት፤ ቀስ በቀስ ፊቷ ተመለሰ። እኔ ግን እጄ እስኪነጋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ባትሪው ሳይነግረኝ አልሞተም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ የሚነሳው እያቃሰተ ነበር። መብራት ላይ ስቆም ፓራውልቱ ይደበዝዛል፤ ነዳጅ ስሰጥ ይደምቃል። ሁለት ጊዜም በሰው ኬብል ተነስቻለሁ። ለባለቤቴ ስነግረው «እስክመለስ ትቆያለች» አለኝ፤ እኔም የመኪና ነገር የእሱ ነው ብዬ ተውኩት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ደንበኛ ጥሎን ከመሄዱ በፊት የሚያሳየውን ምልክት እንድለይ ነው!

በዚያው ቀን አንድ ባትሪ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። ምንም ሳይለካ «አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። አላመንኩትም። በማግስቱ ጠዋት የሰፈራችንን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቤት ድረስ ጠራሁት። በደንብ የሞላ ባትሪ ቆሞ ሲያድር 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ የእኛ 11.9 ነበር። በኬብል አስነስቶ ሞተሩ እየሠራ ሲለካ ደግሞ 14.1 አሳየ፤ ዲናሞው ደህና ነው ማለት ነው። ዲናሞው የማይሞላ ቢሆን ኖሮ አዲስ ባትሪ ገዝቼም ከቀናት በኋላ እዚያው ነበርኩ። ያም ሆኖ ወዲያው ግዢ አላለኝም። ባትሪውን ወስዶ ሙሉ ሌሊት ቻርጅ አደረገው። ከመለሰልኝ በኋላ ያለሥራ አንድ ሌሊት ቆሞ እንደገና ወደ 12.1 ወረደ፤ ሞተሪኖው ሲጎትተው ከ9 በታች ገባ። ሞልቶ የማይዝ ባትሪ አለቀለት። ላዩ ላይ የታተመውን ስናይ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ብዙዎቹ የሚያገለግሉት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው።

የእኔም እጅ አለበት። ከቤት ቢሮ የአስር ደቂቃ መንገድ ነው፤ በዚያ ላይ ሬዲዮ፣ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር። ሞተር ለማስነሳት የወጣው ኃይል ሳይመለስ እንደገና አጠፋለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ረዘም ያለ መንገድ እነዳለሁ፤ እሷም ደስ ይላታል።

የባትሪው ጫፎች ላይ የሚጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት መጥረግም ተምሬያለሁ። ሞተር ይጠፋል፣ ጓንት ይደረጋል፣ መጀመሪያ የኔጋቲቩ ገመድ ይፈታል። በቤኪንግ ሶዳና ውሃ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታሻል፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። ባትሪያችሁ ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ውሃውን እዩት፤ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ አይደለም።

አዲሱን ስገዛ የተመረተበትን ቀን ሳላይ አልከፈልኩም፤ መደርደሪያ ላይ ቆሞ የከረመም ያረጃል። መጠኑና አምፔሩ ከመኪናው ጋር መግጠሙን ኤሌክትሪሺያኑ አረጋገጠልኝ፤ የዋስትና ወረቀቱን ማህተም አስመትቼ ያዝኩ። አሮጌውን ለሻጩ መለስኩና ከዋጋው ቀነሰልኝ፤ ውስጡ እርሳስና አሲድ ስለሆነ ቆሻሻ ላይ መጣል አይገባም።

ባለቤቴ ከሀዋሳ ሲመለስ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ዞሮ አየኝ። የዚያን ሌሊቱን ነገር በስልክ ነግሬው ነበር፤ ባትሪ መቀየሬን ግን አልነገርኩትም።

«ስንት ገዛሽው?» አለኝ።


ደረሰኙን ሰጠሁት።